ጃዝ በአራት ክር

የዩኩሌሌ ኮርድ የሚማሩት በሥዕል ነው። አራት ቋሚ መስመር፣ ጥቂት አግድም መስመር፣ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ላይ ጥቁር ነጥብ። ለልደት ዘፈንና ለጓደኛሞች ጨዋታ ይህ በቂ ነው። ወደ ጃዝ ሲሻገሩ ግን ሥዕሉ ዋናውን ነገር ያስቀራል። ጣቱ የት እንደሚቀመጥ ያሳያል፤ ከየት እንደመጣና ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄድ አያሳይም። ሥዕል በሥዕል ላይ ሲሸመድዱ የከረሙ፣ ዘፈን ሲመጣ ግን ከአንዱ ኮርድ ወደ ሌላው ሲዘሉ ምቱ የሚጠፋባቸው ተማሪዎች ብዙ ናቸው። ትጋት አላነሳቸውም። ያጡት መንገዱን የሚያሳያቸው ሰው ነው።

*

መንገዱን ለማየት ሦስት ኮርድ ይበቃል፦ ዲ ማይነር ሰቨን፣ ጂ ሰቨን፣ ሲ ሜጀር ሰቨን። ጃዝ የሚጫወት ሰው ይህን ሰንሰለት በየዘፈኑ፣ በየቁልፉ ያገኘዋል። ክሮቹ እንደተለመደው ጂ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤ ይቃኙ። ከጂ ክር ጀምረን የፍሬቱን ቁጥር ስንጽፍ የመጀመሪያው 2-2-1-3፣ ሁለተኛው 0-2-1-2፣ ሦስተኛው 0-0-0-2 ነው።

አሁን ኮርዱን ትተን እያንዳንዱን ክር ለብቻው እንስማ። በኤ ክር ላይ ሲ ወደ ቢ ወርዶ እዚያው ይቆያል። በኢ ክር ላይ ኤፍ ሁለት ኮርድ ጠብቆ ወደ ኢ ይወርዳል። በሲ ክር ላይ ዲ እንዲሁ ጠብቆ ወደ ሲ ይወርዳል። በጂ ክር ላይ ኤ ወደ ጂ ወርዶ ያርፋል። ከአራቱ የዘለለ የለም። የሚበዛው ርቀት አንድ ሙሉ ድምፅ ነው፤ ሁለቱ ክሮች የተንቀሳቀሱት በግማሽ ድምፅ ብቻ ነው። አራት ዘማሪዎች እየተደማመጡ ሲዘምሩ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ይህን አንድ ጊዜ በጆሮው ያገኘ ተማሪ ከዚያ በኋላ የኮርድ ሥዕል ሲያይ ነጥቦቹ ቆመው አይታዩትም።

*

ጂ ክር በተለመደው ቅኝት ከሲም ከኢም ይቀጥናል። ከጊታር የመጣ ሰው መጀመሪያ ይህን እንደ ጉድለት ያየዋል፤ ከላይ ወደ ታች ሲመታ ወፍራም ድምፅ ጠብቆ ቀጭን ይመጣበታልና። ለጃዝ ግን ሀብት ነው። ከላይ የጻፍነውን ዲ ማይነር ሰቨን በድምፅ ከፍታው ቅደም ተከተል ብንደረድረው ዲ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ሲ ይሆናል፤ አንዱ በሌላው ላይ ተጠግቶ ተቀምጧል፣ በመሃሉ ክፍተት የለም። የፒያኖ ተጫዋች በቀኝ እጁ የሚይዘው ኮርድ ነው። ጊታር ላይ ይህን የተጠጋጋ አቀማመጥ ለመያዝ ጣት መወጠር አለበት፤ ብዙዎቹ የጊታር ኮርዶች ተዘርዝረው የሚቀመጡት በዚህ ምክንያት ነው። ዩኩሌሌ ላይ ግን እጅ ሳይወጠር የሚያዝ ነገር ነው። በጂ ሰቨኑ ውስጥ ኤፍና ጂ ጎን ለጎን ሲነካኩ የሚሰማው መኮምጠጥ ለዚህ መሣሪያ የተሰጠ ውበት ነው፤ እኔ ስሰማው አይሰለቸኝም።

*

ከዲ ማይነር ሰቨን ላይ አንዲት ጣት፣ በኤ ክር ላይ ያለችው፣ ከ3ኛው ፍሬት ወደ 2ኛው ትውረድ፦ 2-2-1-2። የተገኙት ድምፆች ኤ፣ ዲ፣ ኤፍ፣ ቢ ናቸው። የኮርድ መጽሐፉ ይህን ዲ ማይነር ሲክስ ይለዋል። ቤዝ ተጫዋቹ ከሥር ጂ ከመታ ግን ጂ ናይን ሆነ። ቤዙ ቢ ቢመታ ቢ ማይነር ሰቨን ፍላት ፋይቭ ነው። ጣቶቹ ንቅንቅ አላሉም። ስሙን የሰጠው ከሥር ያለው ሰው ነው።

ለጀማሪ የዚህ ትርጉሙ ትልቅ ነው። ከዲ ማይነር ሰቨን ወደ ጂ ናይን ለመድረስ የሚያስፈልገው የአንዲት ጣት የአንድ ፍሬት ጉዞ ብቻ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ሁለቱ በተለያየ ገጽ ላይ ተጽፈዋል፣ በእጅ ላይ ግን ጎረቤት ናቸው።

*

የጃዝ ኮርድ አምስት፣ ስድስት፣ አንዳንዴም ሰባት ድምፅ ይይዛል። ዩኩሌሌ አራት ክር አለው። እና ማን ይቅር?

ሙዚቀኞች ከቆዩበት ልምድ የወጣው መልስ ግልጽ ነው። ሦስተኛውና ሰባተኛው ድምፅ አይተዉም፤ ኮርዱ ሜጀር ይሁን ማይነር፣ ዕረፍት ይሁን ጥድፊያ የሚነግሩን እነሱ ናቸው። አምስተኛው ካልተለወጠ በቀር ያለ ጸጸት ይሄዳል። መነሻውም ይሄዳል። ጀማሪን የሚያስደነግጠው ይህ የመጨረሻው ነው፤ ጂ የሌለበት ጂ ሰቨን እንዴት ይሆናል? ይሆናል፤ ቤዝ ካለ ቤዙ ይዞታል፣ ቤዝ ከሌለም የቀደመው ኮርድ ጆሮን ወደዚያ አዘጋጅቶታል።

*

በዚህ ጉዳይ ላይ የላይል ሪትዝን ያህል የሚመሰክር ሕይወት አላውቅም። አሜሪካዊው ሪትዝ በ1957 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በቨርቭ ኩባንያ ስም «ሃው አባውት ዩክ?» የሚል አልበም አሳተመ። ዩኩሌሌ ከቤዝ፣ ከድራምና ከፍሉት ጋር ተቀምጦ ዘመናዊ ጃዝ የተጫወተበት ሥራ ነው። በ1959 ሁለተኛውን አስከተለ። አልበሞቹ በአሜሪካ ገበያ ብዙ አልተጓዙም። ሪትዝ ዩኩሌሌውን አስቀምጦ ቤዙን አነሳ፤ ሬኪንግ ክሩ ተብለው ከሚታወቁት የሎስ አንጀለስ የስቱዲዮ ሙዚቀኞች አንዱ ሆኖ ለዓመታት ኖረ። በዩኩሌሌው ላይ መነሻ ድምፅን እየተወ የተጫወተው ሰው እንጀራውን የበላው ያንኑ መነሻ ድምፅ ለሌሎች በቤዝ እየመታ ነው። ሁለቱን ሥራ የሚያውቅ ሰው ምን መተው እንደሚቻል ያውቃል።

እሱ ሳያውቀው ግን ሸክላዎቹ ሃዋይ ደርሰው ነበር። የዚያ አገር ወጣት ተጫዋቾች ኮርዶቹን በጆሮ እየለቀሙ፣ መርፌውን እየመለሱ ተማሩባቸው። ኋላ የሃዋይ የዩኩሌሌ ፌስቲቫል አዘጋጅ ሮይ ሳኩማ ፈልጎ አግኝቶ ወደ ሆኖሉሉ ሲጋብዘው፣ የረሳው ሥራ ለአንድ ትውልድ ትምህርት ቤት ሆኖ ጠበቀው።

*

ዜማውንና ኮርዱን አንድ ላይ መጫወት፣ ሙዚቀኞች ኮርድ ሜሎዲ የሚሉት፣ የዚህ ትምህርት ቁም ነገር ነው። ሕጉ አንድ ነው፦ ዜማው ከሁሉም በላይ ይሰማ። ጆሮ ከፍተኛውን ድምፅ ዜማ ብሎ ይይዛል።

እዚህ ላይ ያ ቀጭኑ ጂ ክር ወጥመድ ይሆናል። ዜማው በኢ ክር ላይ ወደ ኢ ወይም ወደ ኤፍ ሲወርድ ባዶው ጂ ከበላዩ ይጮኻል፤ አድማጩም ጂን ዜማ ነው ብሎ ይወስዳል። ዘፈኑ ተበላሸ ሳይሆን ሌላ ዘፈን ሆነ ማለት ነው። መውጫው ብዙ ነው፤ ጂ ክርን አለመንካት፣ በግራ እጅ አውራ ጣት ወይም በተኛ ጣት አፍኖ መምታት፣ ጂ ክርን በወፍራም ክር ለውጦ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ማድረግ። ብዙ የጃዝ ተጫዋቾች የመጨረሻውን ይመርጣሉ፤ ከመካከለኛው ሲ በታች አምስት ግማሽ ድምፅ ይጨምርላቸዋልና። እኔ ግን ተማሪ መጀመሪያ በቀጭኑ ቢቸገር እመርጣለሁ። ችግሩ የትኛው ድምፅ ዜማ፣ የትኛው አጃቢ እንደሆነ በየምቱ እንዲጠይቅ ያስገድደዋል።

*

በቀጭኑ ቅኝት 12 ፍሬት ያለው ዩኩሌሌ ከመካከለኛው ሲ ተነስቶ ሁለት ኦክታቭ ሳይሞላ ያበቃል። ስለዚህ አንድ ዘፈን ከመጀመሩ በፊት ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን የዜማ ድምፅ መፈለግ ግድ ነው። ዝቅተኛው ከኤ ክር ባዶ ድምፅ በላይ እንዲሆን ቁልፉን ማንሳት ብዙ ችግር ያቀላል፤ ዜማው በአንድ ክር ላይ ይሄዳል፣ ሦስቱ ክሮች ከሥሩ ነፃ ናቸው። ዘፈኑ ሰፊ ከሆነ ሁሉም በኤ ክር ላይ አይገባም፤ እዚያ ላይ ነው የአቀናባሪው ሥራ የሚጀምረው። የዘፈን መጽሐፉ በኢ ፍላት ጽፎታልና በኢ ፍላት ካልተጫወትኩ የሚል ሰው ሳክስፎን ተጫዋች ጓደኛ ካላስገደደው በቀር ራሱን በከንቱ ያደክማል።

*

ዩኩሌሌ ከጃዝ ጋር የተዋወቀው ዛሬ አይደለም። ነሐሴ 1879 ሬቨንስክራግ የተባለች መርከብ ከፖርቱጋሏ ማዴይራ ደሴት ለሸንኮራ አገዳ እርሻ የተቀጠሩ ስደተኞችን ጭና ሆኖሉሉ ደረሰች። ከተሳፋሪዎቹ ማኑኤል ኑኔስ፣ ዦዜ ዶ ኤስፒሪቶ ሳንቶና አውጉስቶ ዲያስ እንጨት ሠሪዎች ነበሩ፤ ማሼቴ የተባለውን የሀገራቸውን የክር መሣሪያ መነሻ አድርገው ዩኩሌሌን ሠሩ። የሃዋይ ንጉሥ ካላካዋ ወደደው። በ1915 በሳን ፍራንሲስኮ በተካሄደው ትልቅ ኤግዚቢሽን የአሜሪካ ሕዝብ ሰማው። የመጀመሪያው የጃዝ ሸክላ የተቀረጸው በ1917 ነው። ዩኩሌሌና ጃዝ በአሜሪካ ሳሎኖች አንድ ላይ ያደጉ እኩዮች ናቸው ብል አላጋነንኩም። «ዩኩሌሌ አይክ» ይባል የነበረው ክሊፍ ኤድዋርድስ በ1920ዎቹ ያለ ቃል በድምፁ እየተጫወተ፣ ከሥሩ በዩኩሌሌ ምቱን እየጠበቀ ሸክላ ላይ ሲዘፍን ለሰሚው እንግዳ ጥምረት አልነበረም።

*

በዚያ ዘመን በታተሙ የዘፈን ኖታዎች ላይ፣ ከዜማው መስመር በላይ፣ ትንንሽ የዩኩሌሌ ሥዕሎች ተደርድረው ይታያሉ። ብዙዎቹ ላይ የሜይ ሲንጊ ብሪን ስም አለ። አሳታሚዎችን አሳምና ሥዕሎቹ እንዲገቡ ያደረገች፣ የሙዚቀኞች ማኅበር ዩኩሌሌን እንደ ሙዚቃ መሣሪያ እንዲቆጥር የታገለች ሴት ናት። ዛሬ እነዚያን አሮጌ ወረቀቶች የሚያገኝ ሰው አንድ ነገር ይጠንቀቅ፤ አብዛኛዎቹ የተጻፉት ኤ፣ ዲ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ቢ ተብሎ ለተቃኘ ዩኩሌሌ ነው። በዛሬው ቅኝት ሥዕሎቹን እንዳሉ ከተጫወተ ከፒያኖው አንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ ይላል። ለብቻው ከሆነ ምንም አይደለም። ቅርጾቹ ትክክል ናቸው፣ ጉዞውም ትክክል ነው።

*

ቢል ታፒያ በ1908 ሆኖሉሉ ተወለደ። በሕፃንነቱ ዩኩሌሌ ጀመረ፣ ኋላ ለአሥርተ ዓመታት በጃዝ ጊታር ኖረ፣ ዘጠና ካለፈው በኋላ ወደ ዩኩሌሌ ተመለሰ። አልበም አሳተመ፣ መድረክ ላይ ወጣ፣ አስተማረ። በ2011 በ103 ዓመቱ አረፈ። «አሁንስ ዕድሜዬ አልፏል» ለሚል ተማሪ ከዚህ ሌላ ምን ይነገራል?

*

ዲሚኒሽድ ሰቨን የሚባለው ኮርድ ለመማር ቀላል፣ ለመረዳት ግን ጊዜ የሚጠይቅ ነው። 1-2-1-2 ኤ ፍላት፣ ዲ፣ ኤፍ፣ ቢ ይሰጣል። ያንኑ ቅርጽ ሦስት ፍሬት ወደ ላይ ብናንሸራትተው፣ 4-5-4-5፣ እነዚያው አራት ድምፆች ቦታ ተለዋውጠው ይመጣሉ። ሌላ ሦስት ፍሬት፣ እንደገና ያው። በዓለም ላይ ሦስት ብቻ የተለያዩ ዲሚኒሽድ ሰቨኖች አሉ። አንድ ቅርጽ በሦስት ቦታ የያዘ ሰው ሁሉንም ጨርሷል።

ጥቅሙ ከመሸጋገሪያነት ይበልጣል። 1-2-1-2ን ከጂ ሰቨን፣ ከ0-2-1-2፣ ጋር ያስተያዩት። የተለወጠው ጂ ክር ብቻ ነው፤ ጂ ወደ ኤ ፍላት በግማሽ ድምፅ ወጣ። ከሥሩ ጂ የሚመታ ቤዝ ካለ ይህ ጂ ሰቨን ፍላት ናይን ነው። ስለዚህ በማንኛውም የሰቨን ኮርድ ላይ መነሻውን በግማሽ ድምፅ ማንሳት ወደዚያ ጨለማ ቀለም ያደርሳል።

*

ጃዝ ተጫዋቾች ጂ ሰቨንን በዲ ፍላት ሰቨን ይተኩታል። በወረቀት ላይ ሲታዩ ሁለቱ ኮርዶች ባዕድ ናቸው። ዩኩሌሌ ላይ ግን ጂ ሰቨን 0-2-1-2፣ ዲ ፍላት ሰቨን 1-1-1-2 ነው። በኢ ክር ላይ ያለው ኤፍና በኤ ክር ላይ ያለው ቢ አልተነሱም። የጂ ሦስተኛና ሰባተኛ የነበሩት የዲ ፍላት ሰባተኛና ሦስተኛ ሆኑ። ሌሎቹ ሁለት ድምፆች በግማሽ ድምፅ ተንቀሳቀሱ፤ ከዚያ ወደ ሲ ሜጀር ሰቨን ሲወርዱም እንዲሁ በግማሽ ድምፅ ይወርዳሉ። ይህን ምስጢር በቃል ሲያስረዱት ሰው ይጨነቃል። በእጅ ላይ ሲያሳዩት በአንዴ ይገባዋል። ዩኩሌሌን ለሃርሞኒ ማስተማሪያ የምመርጠው እንዲህ ባለው ነገር ነው።

ችሎታው ሲመጣ ፈተናም አብሮ ይመጣል። አንድ ለስላሳ ዘፈን ላይ በየምቱ አዲስ ኮርድ የሚከምር ተጫዋች አለ። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም። ዜማው የሚጠይቀው ካልሆነ ምትኩ ኮርድ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

*

የናይለን ክር ድምፅ ቶሎ ይሞታል። ቀስ ያለ ባላድ ላይ ይህ ይታወቃል፤ ረጅሙ ድምፅ ሳያልቅ ክሩ ዝም ይላል። ተማሪዎች ዝምታውን በብዙ ምት ሊሞሉት ይቸኩላሉ። ከካውንት ቤዚ ኦርኬስትራ ጋር ከ1937 እስከ 1987 የተቀመጠውን ፍሬዲ ግሪንን ማዳመጥ ለዚህ ፍቱን ነው። ማጉያ በሌለው ጊታር በየባሩ አራት ምት፣ ጥቂት ድምፅ ብቻ ያለው ኮርድ፣ ከተመታ በኋላ በግራ እጅ ቶሎ የሚለቀቅ። የዩኩሌሌ አጭር ድምፅ ለዚህ ዓይነቱ አጨዋወት የተፈጠረ ነው። ግራ እጅ ሲለቅ የሚመጣው ዝምታም የምቱ አካል ነው።

*

የዩኩሌሌ ክሮች ምንም ሳይያዙ ሲመቱ ጂ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤ ይሰጣሉ። ከሲ የሚነሳው የትዝታ ሜጀር ቅኝት ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው። ከአምስቱ የትዝታ ድምፆች አራቱ ባዶ ክር ላይ ተቀምጠዋል፤ አምስተኛው ዲ በሲ ክር ሁለተኛ ፍሬት ላይ ነው። የትዝታ ዜማ በዚህ መሣሪያ የሚቀናው ለዚህ ነው።

በሲ ሜጀር ውስጥ ኖረው እዚህ የሌሉትን ድምፆች ግን እንይ። ኤፍና ቢ። ከላይ ጂ ሰቨንን ወደ ሲ የሚገፉት፣ በምትኩም ኮርድ ውስጥ ሳይነሱ የቆዩት ሁለቱ ድምፆች ናቸው። ትዝታ ሜጀር ከነዚህ ከሁለቱ ነፃ ነው፤ ወደ ቤት የሚጎትት ውጥረት ሳይፈልግ ይዘዋወራል። (አንቺ ሆዬ እንዲህ አይደለም፤ የራሱ ውጥረት አለው።) ሙላቱ አስታጥቄ በርክሊ ተምሮ ኢትዮ ጃዝን ሲቀምር የተጋፈጠው ጥያቄ ይህ ነበር፤ ባለ አምስት ድምፁን ቅኝት ባለ አሥራ ሁለት ድምፅ ሃርሞኒ ላይ ሲያስቀምጡት ቅኝቱ መልኩን እንዳያጣ። ትዝታን በዩኩሌሌ ለሚያቀናብር ሰው ምክሬ ጂ ሰቨንን ቶሎ እንዳይጠራ ነው። ኤፍና ቢ በአጃቢ ክሮች ላይ እንደ ማለፊያ ድምፅ በዝግታ ይግቡ፣ በዜማው ክር ላይ ግን ቦታ አይሰጣቸው። ክራር የሚመታ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ይዞ ይመጣል፤ ሁሉንም ክር እየመታ የማይፈለገውን በግራ እጅ ጣት ማፈን ለእሱ አዲስ አይደለም።

*

ለጀማሪ ከመቶ ሥዕል በፊት የምሰጠው ባለ 12 ባር ብሉዝ በኤፍ ነው፣ በሁለት ጣት። ሲ ክር 3ኛ ፍሬት፣ ኢ ክር 5ኛ ፍሬት፦ ኢ ፍላትና ኤ፣ የኤፍ ሰቨን ሰባተኛና ሦስተኛ። ሁለቱንም አንድ ፍሬት ዝቅ፦ ዲና ኤ ፍላት፣ ይህ ቢ ፍላት ሰቨን ነው። ከመነሻው ቦታ አንድ ፍሬት ከፍ፦ ኢና ቢ ፍላት፣ ይህ ሲ ሰቨን ነው። አራት ባር ኤፍ፣ ሁለት ባር ቢ ፍላት፣ ሁለት ባር ኤፍ፣ አንድ ባር ሲ፣ አንድ ባር ቢ ፍላት፣ ሁለት ባር ኤፍ። ጂና ኤ ክሮች አይነኩም። ብሉዙ ሙሉ ነው፤ ቤዝ ያለው ጓደኛ ካለ የሚጎድለው የለም።

ምቱ ሲረጋ በኤ ክር 3ኛ ፍሬት ላይ ሲን ይጨምርና ሁለቱ ከሥሩ ሲንሸራተቱ ሳያነሳ ይያዘው። በኤፍ ላይ አምስተኛ የነበረው ሲ፣ በቢ ፍላት ላይ ዘጠነኛ ይሆናል፣ በሲ ላይ ራሱ መነሻ ነው። ሦስቱን ቀለም በጆሮው ከለየ በኋላ ሲን ይልቀቅና በዚያው ክር ላይ ዜማ መፈለግ ይጀምር።